የሚነፋ የመኝታ ፍራሽ አያያዝና የእርጥበት ነገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ብዙ ሳንርቅ በእንጦጦ፣ በመናገሻ ሱባ፣ በወጨጫና በየረር ድንኳን ተክለን የምናድር ጓደኛሞች በጋራ የገዛናቸው አሥራ አንድ የሚነፉ ፍራሾች አሉን። የማጠቡ፣ የማድረቁና የመጠገኑ ሥራ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእኔ ላይ ስለወደቀ፣ ሱሉልታ ካለው ቤቴ አንዱ ክፍል የፍራሽ ማስጫ ሆኗል። እስካሁን ከጥቅም ውጪ ከሆኑብን አራት ፍራሾች መካከል በእሾህ ምክንያት የተጣለ አንድም የለም፤ አንዱ ከልክ በላይ ተነፍቶ ሲፈነዳ፣ ሦስቱን የጨረሳቸው እርጥበት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ፍራሽ የሚዋሱን ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ፍራሹን በአፍ መንፋት እውነት ጉዳት አለው?

አለው፤ ነገር ግን ጉዳቱ በአንድ ሌሊት ስለማይታይ ብዙ ሰው አያምንም። ከሳንባችን የሚወጣው አየር 34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚሞቅና ሊሸከም የሚችለውን ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ የተሸከመ ሲሆን፣ በአንድ ሜትር ኩብ ሲሰላ ከ35 ግራም በላይ ውሃ ይዟል። ርዝመቱ 183፣ ስፋቱ 51፣ ውፍረቱም 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአንድ ሰው ፍራሽ 60 ሊትር ያህል አየር ስለሚይዝ፣ በአፋችን በነፋነው ቁጥር ከሁለት ግራም ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ወደ ውስጡ እንጨምራለን ማለት ነው። እንጦጦ ላይ ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ያው አየር መሸከም የሚችለው በሜትር ኩብ 7 ግራም ያህል ብቻ በመሆኑ፣ የተረፈው ውሃ በፍራሹ የውስጥ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ይቀመጣል።

ሁለት ግራም የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ችግሩ የሚመጣው ጠዋት ፍራሹን ስንጠቀልለው ነው፤ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ ጤዛው ግን ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። በሚቀጥለው ሌሊት ሌላ ሁለት ግራም ይታከልበታል። በመካከሉ ሳይደርቅ አሥር ሌሊት በአፍ የተነፋ ፍራሽ በውስጡ የቡና ስኒ ሲሶ የሚሆን ውሃ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ከትንፋሹ ጋር የገባው ምራቅ ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ይሆናል።

የጉዳቱ መጠን እንደ ፍራሹ ዓይነት ይለያያል። ውስጡ ባዶ የሆነና ከናይለን ወይም ከፖሊስተር ጨርቅ የተሠራ ፍራሽ የተሻለ ይታገሣል። ውስጡ ስፖንጅ ያለበት፣ ቫልቩ ሲከፈት በራሱ አየር ስቦ የሚነሣው ዓይነት ግን ውሃውን እንደ ድርቆሽ ስለሚመጠው ማድረቁ የቀናት ሥራ ነው። የዳክዬ ወይም የዝይ ላባ የተሞላውን በአፍ መንፋት ጨርሶ አይገባም፤ ላባው ረጥቦ ከተጣበቀ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ይህን ሁሉ ብያለሁና፣ መንፊያው ቤት ተረስቶ አንድ ሌሊት በአፍ ቢነፋ ምንም አይደለም። ተመልሶ ሳያደርቁ ማስቀመጡ ነው ጥፋቱ።

ታዲያ በምን እንንፋው?

አብዛኞቹ ደህና ፍራሾች የራሳቸው የመንፊያ ከረጢት አላቸው። ከሌለ ቀዳዳ የሌለውን ትልቅና ወፍራም የቆሻሻ ፌስታል አንዱን ጥግ ቀደው በፍራሹ ቫልቭ ዙሪያ በክር አጥብቀው ያስሩት፤ አፉን ከፍተው አየር ካስገቡበት በኋላ ይዝጉትና እንደ ጥቅልል ወደ ቫልቩ እየጠቀለሉ ይጫኑት። ሦስት አራት ጊዜ ከደጋገሙት ፍራሹ ይነሣል። መጀመሪያ ላይ ከቫልቩ ጋር መታገሉ ያበሳጫል፤ እጅ ከለመደው በኋላ ግን በአፍ ከመንፋት ይፈጥናል፣ በከፍታ ቦታ ላይም ራስ አያዞርም። የብስክሌት መንፊያም ይሠራል፣ ትዕግሥት ላለው ሰው።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ግን ፈጽሞ አይገባም። የመኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲሞላ የመኝታ ፍራሽ የሚፈልገው ከ1 ፒኤስአይ በታች ነው። ከላይ የጠቀስኩት የፈነዳው ፍራሽ ዕጣው ይህ ነበር፤ ወደ የረር ስንወጣ መንገድ ላይ ያገኘነው ጎሚስታ ለጓደኛዬ «አይዞህ ወንድሜ፣ ቀስ አድርጌ ነው የምሰጠው» ብሎት ቱቦውን ገና ከማስጠጋቱ፣ ውስጥ ለውስጥ ያሉት ማያያዣዎች ተራ በተራ እንደ ቁልፍ ሲበጠሱ ሰማን። በሰውየው አልፈርድም፣ ፍራሽ እንዲነፋ ያመጣለት ሰው ያኔ የመጀመሪያው ሳንሆን አንቀርም። ከግፊቱ ሌላ የኮምፕሬሰር አየር በታንከሩ ውስጥ ከተጠራቀመው ውሃና ከማሽኑ ዘይት ጥቂት ይዞ ይመጣል፤ ከእርጥበት የሸሸ ሰው ወደ እርጥበት ከነዘይቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ማታ አጠንክሬ ነፍቼው ጠዋት ለስልሶ አገኘሁት። ተቀዶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በአፋችን ያስገባነው የ34 ዲግሪ አየር ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ መጠኑ አንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል፤ 18 ዲግሪ በነበረ አየር በመንፊያ የተሞላውም ቢሆን ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ያጣል። ፍራሹን የሚያጠነክረው ግፊትም ከአካባቢው አየር ግፊት የሚበልጠው ወደ 5 በመቶ በሚጠጋ መጠን ብቻ ስለሆነ፣ ያቺ ትንሽ መኮማተር ጥንካሬውን ለማሳጣት ትበቃለች። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ብርድ በሰው ብቻ ሳይሆን በፍራሽም ይበረታል።

ስለዚህ ድንኳኑን ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ሲተክሉ ፍራሹንም አብረው ይንፉትና እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፤ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ፣ ሊተኙ ሲሉ፣ የጎደለውን ጥቂት ይሙሉበት። ከዚህ በኋላም ሌሊቱን ጎንዎ መሬት ከነካ መጠርጠር ተገቢ ነው። ማረጋገጫው ቤት ውስጥ ይደረጋል፤ የሙቀት መጠኑ ብዙ በማይለዋወጥ ክፍል ፍራሹን ነፍተው አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ የጎደለውን ይሙሉ፣ ከዚያ አሥር ኪሎ ያህል ዱቄት ወይም ሌላ ክብደት ጭነውበት ይደሩ። ጠዋት ዱቄቱ ወለል ላይ ከተቀመጠ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት ግን ቫልቩን ከፍተው ይመልከቱት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የፀጉር ዘለላ ከክዳኑ ሥር ገብታ ሌሊቱን ሙሉ አየር ስታስወጣ ታድራለች። እኔ ለጥገና ከመጡልኝ ፍራሾች ስንቱን በጥጥ ብቻ ጠርጌ እንደመለስኩ አልቆጥረውም።

ከፍታም የራሱ ሥራ አለው። 1900 ሜትር አካባቢ ካለችው ቢሾፍቱ የተነፋ ፍራሽ ቫልቩ ተዘግቶ 3000 ሜትር ወደሚደርሰው የእንጦጦ ጫፍ ቢወጣ፣ በውስጡ ያለው አየር አንድ ሰባተኛ ያህል ለመስፋት ይታገላል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ሲጓዙ ፍራሹ ተጠቅልሎና ቫልቩ ተከፍቶ ይሁን።

ጠዋት ፍራሹን ሳነሣው ሥሩ ውሃ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከመሬት የመጣ ነው?

አንዳንዴ ከመሬት ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከራሳችን ነው። አንድ ሰው ሌሊቱን በትንፋሹና በቆዳው ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ሁለት ሰዎች ብርዱን ፈርተው ሁሉንም ቀዳዳ ዘግተው ቢተኙ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ ሲፈልግ ያድራል፤ የሚያገኘውም የቀዘቀዘውን ቦታ ነው። ከፍራሹ ሥር ያለው የድንኳኑ ወለል በጣም ከሚቀዘቅዙት አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ፍራሹ የእኛ ሙቀት ወደ ታች እንዳይወርድ ስለሚከለክለው ነው። እንግዲህ ጥሩ ፍራሽ በገዙ መጠን ሥሩ የሚገኘው ውሃ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ለሰው ሳስረዳ ሻጩን የማማ እየመሰለኝ እሳቀቃለሁ።

መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ በአንድ የኅዳር ሌሊት ጎን ለጎን ከተተከሉ ሁለት ድንኳኖቻችን መካከል የአንዱን የላይ መስኮት ከፍተን፣ የሌላውን ዘግተን አደርን። ጠዋት የተዘጋው ድንኳን ጣሪያ በጣት ሲነካ ጠብታው እንደ ወንፊት ወረደ፤ ፍራሹም ሲነሣ ከሥሩ የፍራሹን ጎድጓዳ መስመሮች የተከተሉ የውሃ ዘንጎች ተደርድረው ነበር፣ አንዱ ጫፍ ላይ ተኝቶ የነበረው ካልሲም ጠጥቶት ጠቁሯል። የተከፈተው ድንኳን ወለል እጅ ሲያስኬዱበት ቀዝቃዛ ነው እንጂ አልረጠበም። በተከፈተው ያደሩት ሁለቱ ግን ብርድ ስለነካቸው ማለዳ ላይ ተነጫንጨውብኛል፤ ነገሩ ያለ ዋጋ አልተገኘም።

ውሃው ከመሬት መሆኑን መለየት ከፈለጉ ከድንኳኑ ወለል በታች ላስቲክ ያንጥፉ፤ ጠዋት ላይ እርጥበቱ ከላስቲኩ በታች ብቻ ከሆነ የመሬት ነው፣ ከድንኳኑ ወለል በላይ ከሆነ የራስዎ ነው። የሚያነጥፉት ላስቲክ ከድንኳኑ ጠርዝ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ሥርዎ የሚወስድ ቦይ ይሆናል።

የቦታ ምርጫም ትልቅ ድርሻ አለው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ የሱሉልታን የመሰለ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ ያዘንባል፤ ከሜዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ማደር ልዩነቱ ያስደንቃል። በበጋ ከጽድ ወይም ከዝግባ ጥላ ሥር መትከልም ጤዛውን ይቀንሰዋል፤ ጤዛ የሚበዛው መሬቱ ሙቀቱን ወደ ጥርት ያለ ሰማይ በሚለቅበት ቦታ ነውና። የደረቁ ቅርንጫፎች ከላይ አለመንጠልጠላቸውን ግን ቀና ብለው ይመልከቱ። እርጥብ ጫማና ልብስ ድንኳን ውስጥ አያስገቡ፣ ውስጥም ውሃ አያፍሉ።

ቤት ውስጥ ለእንግዳ ሲሚንቶ ወለል ላይ ባነጥፈውስ?

ያው ሕግ ይሠራል። ለበዓል ወይም ለልቅሶ ዘመድ ሲበዛ ፍራሹ ሲሚንቶ ላይ ይነጠፍና ሳይነሣ ሳምንት ይከርማል፤ ከሥሩ የተያዘው እርጥበት መውጫ አጥቶ ሻጋታ ያበቅላል። ከሥሩ ሰሌን ወይም ካርቶን ያንጥፉ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ያቁሙት።

በክረምት ፀሐይ በጠፋበት ጊዜ እንዴት አደርቀዋለሁ?

ለእኛ ዋነኛው ራስ ምታት ይህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቀናት ሙሉ ጭጋግና ዝናብ ስለሚፈራረቁ «ውጭ አሰጣዋለሁ» የሚለው ዕቅድ እስከ መስከረም ሊገፋ ይችላል።

የውጩ ማድረቅ ቀላል ነው፤ ቫልቩን ዘግተው ፍራሹን በግማሽ ይንፉት፣ በደረቅ ፎጣ ያብሱት፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ያቁሙት። ለውስጡ ግን በውስጡ ያለውን እርጥብ አየር በክፍሉ አየር እየተኩ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ማውጣት ያስፈልጋል። ስሌቱ ትዕግሥት እንዲኖርዎት ስለሚረዳ ላስቀምጠው። 18 ዲግሪ የሚሞቅና ከሚሸከመው እርጥበት 60 በመቶውን የያዘ የክረምት የቤት አየር በሜትር ኩብ ተጨማሪ 6 ግራም ያህል ውሃ መቀበል ይችላል። ፍራሹ የሚይዘው 60 ሊትር ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ በመንፊያ ሞልተን ብናወጣው ቢበዛ አንድ ሦስተኛ ግራም ገደማ ይዞልን ይወጣል። በአፍ የገባውን የአንድ ሌሊት ሁለት ግራም ለማውጣት ታዲያ ቢያንስ ስድስት ጊዜ መሙላትና ማውጣት ሊያስፈልገን ነው፤ በተግባር እኔ እስከ አሥር አደርሰዋለሁ። በታኅሣሥ ቀትር ላይ፣ አየሩ 22 ዲግሪ ሞቆና ደርቆ ሳለ፣ ሥራው በሦስት በአራት ዙር ያልቃል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ፍራሹን በመንፊያ ሞልተው ዘግተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ አየሩ ከግድግዳው ውሃ እንዲጠጣ ጊዜ ያሻዋል። ቫልቩን ወደ ታች አድርገው ከወዲያኛው ጫፍ ጀምረው እየጠቀለሉ አየሩን ያውጡ፤ ብዙ ውሃ ካለ ጠብታው አብሮ ሲወጣ ያዩታል። እንደገና ይሙሉ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ እየሠሩ በመካከል ሊያደርጉት የሚቻል ነገር ነው። በመጨረሻ ቫልቩን ከፍተው፣ ለአፉ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ ሁለት ሦስት ቀን ተዘርግቶ እንዲሰነብት ያድርጉ። ስፖንጅ ላለበት ፍራሽ ጊዜውን እጥፍ ያድርጉት።

ለማፋጠን ብሎ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ ጨርቁ ላይ ያለው ሽፋን በሙቀት ይላቀቃል፣ በተዘጋ ክፍል የሚጨስ ከሰል ደግሞ ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ሰው ይገድላል። ድንኳን ውስጥ ከሰል ይዞ ለመግባት ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው አንዱ ነው። የፀጉር ማድረቂያ ያለው ሰው ቀዝቃዛ አየር በሚሰጠው ደረጃ፣ ከቫልቩ ትንሽ አርቆ ሊጠቀምበት ይችላል።

ፀሐይ ላይ ማስጣትስ?

ለአጭር ጊዜ፣ በጠዋት ወይም ወደ ማታ ሲሆን አይጎዳም። የቀትር ፀሐይ ግን ፍራሹን በሁለት በኩል ያጠቃዋል። ከ2300 ሜትር በላይ ባለው አዲስ አበባ የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ የናይለኑን ክርና ሽፋኑን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ቫልቩ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ አየሩ ሞቆ ሲሰፋ የውስጥ ማያያዣዎቹ ይላቀቁና ፍራሹ አንድ ቦታ ላይ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ይነፋል። ይህ ዓይነቱ እብጠት ጥገና የለውም። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ፣ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ማስጣት ይበቃል።

እንዴት ነው የሚታጠበው?

ቫልቩን አጥብቀው ይዝጉ፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ለስላሳ ጨርቅ ነክረው ይጥረጉት፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝና ቤንዚን አይነኩትም። ላብ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ፀጉር የተቀባ ቅቤ ቶሎ ካልታጠቡ ሽፋኑን ያለሰልሱታል፤ የቅቤው ሽታ በተጨማሪ አይጥ ይጠራል። ፍራሹ ላይ ነጠላ ወይም ያረጀ አንሶላ ጣል አድርጎ መተኛት ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

ውስጡ ሸተተ፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይታየኛል። ይድናል?

ነጠብጣቡ ሻጋታ ነው፤ እድገቱ ይቆማል፣ ምልክቱ ግን አይለቅም። ከላይ እንደተገለጸው በደንብ ካደረቁትና ከዚያ በኋላ በመንፊያ ብቻ ከተጠቀሙ ውስጡ ባዶ የሆነው ፍራሽ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። የሻገተ ፍራሽ በአፍ መንፋት አይገባም፤ በመካከል አየር ሲስቡ የሻጋታውን ብናኝ ወደ ሳንባዎ ያስገባሉ። በውጭው ገጽ ላይ ያለውን በውሃ በተበረዘ አቼቶ ጠርገው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። አቼቶም ሆነ ሌላ ነገር ወደ ውስጥ መጨመርን አልመክርም፤ የማይወጣ ውሃን በሌላ ውሃ ማባረር አይቻልም። ስፖንጁ የሻገተ ፍራሽ ከሆነና በቤቱ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ ሳይሳሱ ይጣሉት።

ሽታው የሻጋታ ሳይሆን እንደ ትውከት የሚኮመጥጥ፣ ጨርቁም ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለሽፋንነት የሚያገለግለው ፖሊዩሬቴን በእርጥበትና በሙቀት ብዛት እየፈረሰ ነው። ይህ መመለሻ የለውም፤ እርጥብ ሆነው ለክረምት ከተቀመጡት ፍራሾቻችን ሁለቱ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ቀዳዳውን እንዴት አገኘዋለሁ? ጎሚስታስ ይጠግንልኛል?

ፍራሹን አጠንክረው ይንፉት፣ ሳሙናማ ውሃ በስፖንጅ እየቀቡ በየክፍሉ ይመልከቱ፤ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ላይ ትንንሽ አረፋዎች እንደ ጠላ ሲነሡ ያያሉ። ትልቅ ሳፋ ካለም ጫፍ በጫፍ እያጠፉ ይንከሩት፣ ቫልቩ ግን ውሃ እንዳይገባበት። ጫካ ውስጥ ሳሙና ከሌለ በጸጥታ ሰዓት ከንፈርዎን አስጠግተው ያስሱ፤ ከንፈር ከጣት ይልቅ ቀጭን ነፋስ ያውቃል። ባገኙት ቦታ ዙሪያ በእስክሪብቶ ያክብቡ፣ ሲደርቅ ይጠፋልና። በእኛ አካባቢ ወንጀለኞቹ በአብዛኛው ቀጋና አጋም ናቸው፤ እሾሃቸው ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ ሊቀር ስለሚችል ከመለጠፍዎ በፊት ይንቀሉት።

ጎሚስታው ለውስጥ ጎማ የሚጠቀምበት ማጣበቂያም ሆነ በሙቀት የሚለጥፈው ፓች ለጎማ የተሠራ በመሆኑ ሽፋን ያለው ናይለን ላይ አይዘልቅም። ማስቲሽ ለጊዜው ይይዛል፣ ሲታጠፍ ይላጣል። ሱፐር ግሉ እንደ ብርጭቆ ስለሚደርቅ ራሱ ይሰነጠቅና ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የሚሻለው ከፍራሹ ጋር የመጣውን መለጠፊያ ወይም ለድንኳን ስፌት የሚሆን የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ መጠቀም ነው። ቦታውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁት፣ አየሩን ጨርሰው ያውጡ፣ ከቀዳዳው በሁሉም አቅጣጫ ጣት የሚያህል ተርፎ ለጥፈው መጽሐፍ ይጫኑበት፣ እስከ ማግስቱም አይንኩት። እርጥብ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ነገር ሁሉ ይላቀቃል፤ ስለዚህ ጥገናም የሚጀምረው ከማድረቅ ነው።

በጀንዲ ወይም በአጎዛ ከመተኛት ይህ ሁሉ ጣጣ ይሻላል?

ጎረቤቴ እማማ ፍራሾቹን ደጅ አስጥቼ ሲያዩ «ልጄ፣ እኛ ጀንዲያችንን ነፍተን አናውቅም፤ ብርድም አልገደለን» ብለውኛል፤ በከፊል እውነት አላቸው። የበግ አጎዛ በጠጉሩ መካከል አየር ይዞ ሙቀት ያቆያል፣ አይበሳም፣ ቫልቭ የለውም። ክብደቱና እርጥበት ሲነካው አለመድረቁ ግን ጀርባ ላይ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ከባድ ነው። የፍራሽ ሙቀት የመያዝ አቅም «አር ቫልዩ» በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት የመለኪያ ደንብ ስላለ የተለያዩ ምርቶችን ማወዳደር ይቻላል። ለእንጦጦና ለወጨጫ የበጋ ሌሊት ከ3 እስከ 4 ያለው ይበቃል ባይ ነኝ። ቁጥሩ ስለሚደመር 2 የሆነ የሚነፋ ፍራሽ ያለው ሰው ከሥሩ ድፍን ስፖንጅ ቢያነጥፍበት ተመጣጣኝ ውጤት ያገኛል፤ ስፖንጁ ከእሾህም ይጠብቅለታል። የሚነፋው ፍራሽ ሌሊት ላይ ቢከዳ እንኳ መሬት ላይ አያድሩም።

ከሰኔ እስከ መስከረም እንዴት ይቀመጥ?

ጨርሶ መድረቁን ያረጋግጡ፤ ቫልቩ ላይ አፍንጫዎን አስጠግተው ፍራሹን ትንሽ ሲጫኑት የሚወጣው አየር የምድር ቤት ሽታ ካለው ገና ነው። ስፖንጅ ያለበትን ተዘርግቶ፣ ቫልቩ ተከፍቶ ያስቀምጡት፤ ተጠቅልሎ ከከረመ ስፖንጁ የመነሣት ጉልበቱን ያጣል። ባዶውን ላላ አድርገው ማጠፍ ይችላሉ፣ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ ግን አይጠፉት። ሲሚንቶ ወለልና ከውጭው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ቁም ሣጥን ይራቁ፤ አልጋ ሥር በጣውላ ላይ ወይም ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሻላል። በፌስታል አሽጎ ማስቀመጥ የቀረችውን እርጥበት ከውስጥ ስለሚቆልፍ፣ መሸፈን ካስፈለገ አሮጌ አንሶላ ይጠቀሙ። አይጥ ባለበት ቤት እኔ ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠለጥላቸዋለሁ፤ በወር አንድ ጊዜ አውርጄ ቫልቮቹን አሸታለሁ፣ በነሐሴ ሁለት ጊዜ።